«ጋሼ፣ ቧንቧው ይነዝረኛል»

ይህን ትምህርት በሬዲዮ ሰምታችሁ «በጽሑፍ ይድረሰን» ላላችሁ እነሆ፤ የተደጋገመው ተቀንሶ፣ አነጋገሩ ግን እንዳለ ቀርቦላችኋል።

ዛሬ የምናገረው ስለ ቦይለር ነው። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። መንፈሳዊ ቦይለር የሚባል ነገር ፈልጌ አይደለም፤ መታጠቢያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለው፣ ውሃ ስለሚያሞቀው ነጭ ዕቃ ነው የምናገረው። «ፓስተሩ ዛሬ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነ እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሡኝ። ከቧንቧ ሠራተኛ ትንሽ እንኳ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ትምህርት ለመስጠት ባልተገደድሁ ነበር።

እስቲ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8ን አውጡ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ እግዚአብሔር ያዝዘዋል፤ ምክንያቱንም ይነግረዋል። ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በዚያ ቤት ላይ እንዳይመጣ ነው። በዚያ አገር የቤት ጣራ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰው ይወጣበታል፣ እህል ያሰጣበታል፣ በበጋ ይተኛበታል። እኔ ይህን ክፍል ለዓመታት እያነበብሁ አልፌዋለሁ። የኛ ጣራ ቆርቆሮ ነው፣ ማን ይወጣበታል ብዬ። አሁን ሳነበው ግን ቃሉ ስለ ጣራ ብቻ አይመስለኝም። በቤትህ ውስጥ ሌላውን ሰው ሊጥል የሚችል ነገር ካለ፣ የሚጠየቀው የወደቀው ሰው ሳይሆን ባለቤቱ ነው እያለ ነው።

እኔ የምኖረው አቃቂ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ እናከራያቸዋለን። ለተከራዮቹ አንዲት መታጠቢያ ቤት አለቻቸው፤ እዚያች ውስጥ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ተሰቅሏል። ይህ ቦይለር መጀመሪያ የኛ ነበር፤ ለራሳችን አዲስ ስንገዛ አሮጌውን ወደ ሰርቪሱ አዞርነው። ልብ በሉ፤ አዲሱ ለኛ፣ አሮጌው ለተከራይ። ያኔ ቸርነት መስሎኝ ነበር። በጠቅላላው ሰባት ዓመት ሠርቷል። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተከፍቶ አያውቅም።

ከተከራዮቻችን አንዷ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። ሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጠዋት ትመጣና ታጥባ ትተኛለች። አንድ ቀን በር ላይ አገኘችኝና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስታጠብ ቧንቧው ይነዝረኛል» አለችኝ።

ምን ብዬ መለስሁላት መሰላችሁ? «ነጠላ ጫማ አድርገሽ ታጠቢ» አልኋት።

ከሳምንት በኋላ ደግማ ነገረችኝ። «እሺ፣ ሰው እጠራለሁ» አልኋት፤ አልጠራሁም። በዚያው እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ባልንጀራ ፍቅር ሰበክሁ። ጉባኤውም አሜን አለ።

ሦስተኛ የነገረችው ለባለቤቴ ነው። ባለቤቴ እንደኔ አላለችም። ሄዳ ብሬከሩን ዘጋችውና፣ «ዛሬ ሰው ካላመጣህ ይሄ አይከፈትም፤ የኛም አይከፈትም» አለችኝ። ከመዘምራኖቻችን አንዱ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነው። ደወልሁለት፤ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ይዞ መጣ።

ልጁ ገና ምንም ሳይፈታ ጎንበስ ብሎ ከታች አየ። የሴፍቲ ቫልቩ አፍ በእንጨት ተወትፎ በላስቲክ ታስሯል። «ፓስተር፣ ይሄንን ማነው የደፈነው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልሁ። ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉን ሲያረጥብ ሰልችቶኝ ነበር። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ውታፉን ነቀለና ኪሱ ከተተው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ከፈተው። ምን እንደ ወጣ ከመናገሬ በፊት ግን ውስጡ ምን መኖር እንደ ነበረበት ልንገራችሁ፤ አለዚያ የወጣው ነገር ምን እንደሆነ አይገባችሁም።

የቦይለር ታንከር በአብዛኛው ከብረት የተሠራ ነው። ብረትና ውሃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለአቃቂ ሰው አልነግርም፤ በብረታ ብረት ፋብሪካዎች መካከል ያደገ ሰው ዝገትን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ አምራቹ የታንከሩን ውስጥ መስታወት በሚመስል ሽፋን ይለብጠዋል። አበባ የተሣለበትን የድሮ የብረት ሳህን ታስታውሳላችሁ? ጠርዙ ሲላጥ የሚጠቁረውንና የሚዝገውን? ያው ዓይነት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ግን ፍጹም አይደለም። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይኖሩታል፤ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ብረቱን ያገኘዋል።

ታዲያ አምራቹ ይህን ስለሚያውቅ በታንከሩ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ያስቀምጣል፤ የማግኒዥየም ዘንግ። እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ በመካከሉ ቀጭን የብረት ሽቦ ያለው ዘንግ ነው። ባለሙያዎቹ አኖድ ይሉታል። ማግኒዥየም ከብረት ይልቅ በቀላሉ የሚበላ ነገር ነው። ሁለቱ ተነካክተው በአንድ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ ኤሌክትሮኑን የሚሰጠው ማግኒዥየሙ ነው፣ የሚሟሟውም እሱ ነው፤ ብረቱ ይተርፋል። ዘንጉ ሲያልቅ ግን ውሃው ወደ ታንከሩ ይዞራል።

ይህን ነገር ስሙን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ጣራችሁ ላይ ያለው ቆርቆሮ ዚንክ የተነከረ ብረት ነው። ሚስማር ሲመታበት ወይም ሲጫር ብረቱ ይጋለጣል፤ ነገር ግን ወዲያው አይዝግም። በዙሪያው ያለው ዚንክ ቀድሞ ስለሚበላ ነው። ዚንኩ ባለቀበት ቦታ ቆርቆሮው ቀይ ይሆናል፤ ክረምት ሲመጣ ባልዲ የምትደቅኑት እዚያ ሥር ነው።

ይህን ዘዴ አስቦ በሥራ ላይ ለማዋል የሞከረው ሃምፍሪ ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነው፤ በ1824 እ.ኤ.አ.። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች ከእንጨት የተሠሩ ሲሆኑ ሆዳቸው በመዳብ ልባጥ ይሸፈን ነበር፤ መዳቡን ደግሞ የባሕሩ ጨው ይበላዋል። ዴቪ ከመዳቡ ጋር ቁራጭ ዚንክ ወይም ብረት አገናኘ፤ ቁራጩ ተበላ፣ መዳቡ ተረፈ። (በመርከብ ላይ ግን ነገሩ አልቀናውም። መዳቡ መሟሟት ሲያቆም፣ ቀድሞ በመዳቡ መርዝ የሚሞቱት የባሕር ፍጥረታት በመርከቡ ሆድ ላይ ተጣብቀው መብቀል ጀመሩ፤ መርከቦቹም ዘገዩ። ዛሬ በቦይለራችን ውስጥ የምንጠቀምበት ግን ያው የእርሱ ሐሳብ ነው።)

የዴቪ ረዳት ሆኖ የጀመረው ማይክል ፋራዳይ ነው። ስለ እርሱ ጥቂት ልበል፤ ለብረት ሠራተኛ ልጆች ደስ ይላልና። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ራሱም መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ሲሠራ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነው የተማረው። ለንደን ውስጥ በአንዲት ትንሽ የክርስቲያኖች ጉባኤ ዕድሜውን ሁሉ ያመለከ፣ ሽማግሌ ሆኖም ያገለገለ ሰው ነው። «አኖድ» የሚለውን ቃል በ1834 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጣው እርሱ ነው፤ በቃሉ ምርጫ ያማከረው ደግሞ ዊልያም ሂዩል የሚባል የካምብሪጅ ምሁርና ቄስ ነበር። ከግሪክ የመጣ ሲሆን ወደ ላይ የሚወስድ መንገድ ማለት ነው። እንግዲህ የሳኒተሪ ዕቃ መደብር ገብታችሁ «አኖድ አላችሁ?» ስትሉ የቀጥቃጭ ልጅ ያወጣውን ቃል ነው የምትጠሩት።

እዚህ ላይ ስደርስ ከኔ ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ዘንጉ በታንከሩ ፋንታ ይበላል፤ ጌታም በኛ ፋንታ... እያልሁ ልቀጥል ነው። ምሳሌው አፍ ላይ ይመጣል፤ እኔም አንድ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። አሁን ግን አልወደውም። ዘንግ ያልቅና ሌላ ይተካል፤ እንደገና ያልቃል፣ እንደገና ይተካል። የዕብራውያን መልእክት ስለ ጌታችን መሥዋዕት የሚያስተምረን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አንድ ጊዜ የቀረበ፣ የማይደገም። ስለዚህ ዘንጉ ዘንግ ይሁን፤ ከአቅሙ በላይ አናሸክመው። ዛሬ ከኛ የሚፈለገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው፤ ከፍቶ ማየት።

ከፍቶ ማየቱ ነው የጠፋብን። በአሜሪካ ሰዎች ለጉዞ የሚጠቀሙበት አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና አለ፤ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁ ያውቁታል። በዚያ መኪና ውስጥ ያለው ማሞቂያ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ 6 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 23 ሊትር ይይዛል። የብረት ታንከር ባላቸው በነዚህ ማሞቂያዎች ላይ ዘንጉ ከውሃ ማፍሰሻው ቡሽ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ብርድ ሳይመጣ ውሃው ካልፈሰሰ ታንከሩ በበረዶ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በየዓመቱ ቡሹን ይፈታል፤ ሲፈታ ዘንጉ አብሮ ይወጣል፤ ወደደም ጠላም ያየዋል። የኛ ቦይለር እንደዚያ አይደለም። ዘንጉ በክዳን ሥር፣ ከሬዚስታንሱ አጠገብ ተደብቋል። እኛ አገር ውሃውን አቅርሮ «አፍስሰኝ» የሚል በረዶ የለም። ውሃው እስከሞቀ ድረስ ማንም አይጠይቀንም።

የአቃቂን ውሃ ደግሞ እንመልከት። አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከከርሰ ምድር ነው፤ ከከርሰ ምድሩ የታወቀው ደግሞ እዚሁ የኛው የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ነው። የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ሲጠጡት ክፋት የለውም። ሲሞቅ ግን የያዘውን ያራግፋል። ማንቆርቆሪያችሁን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ውስጡን እዩት፤ ነጭ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ያው ቅርፊት በቦይለራችሁ ሬዚስታንስ ላይ ይጋገራል። ሬዚስታንሱ ሙቀቱን ወደ ውሃው ማስተላለፍ ሲያቅተው ራሱ ይግላል፤ በመጨረሻም የውጭ ቱቦው ይሰነጠቃል፤ ውሃው ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ዘንድ ይደርሳል። መንዘር የሚጀምረው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ግቢዬ ልመለስ።

ክዳኑ ሲፈታ መጀመሪያ የወጣው ዝቃጭ ነው፤ ነጭ ስብርባሪ ከቀይ ጭቃ ጋር፣ ግማሽ ባልዲ ያህል። ከዚያ ሬዚስታንሱ ወጣ፤ ኖራ የተለሰነ ዱላ ይመስል ነበር፤ ልጁ ቅርፊቱን ሲያነሣለት በጎኑ ስንጥቅ ታየ። ጉሚኒው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዘንጉስ? ዘንግ የሚባል ነገር የለም። ሽቦ ብቻ ነው የቀረው፣ ያውም የዛገ። «ይሄ ካለቀ ዓመታት ሆኖታል» አለ ልጁ። ከዚያ የኧርዙን ሽቦ ተከትሎ ሄደ። ከቦይለሩ ላይ በትክክል ታስሯል። ሌላኛው ጫፉ ግን የትም አልደረሰም፤ ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። እንግዲህ ያ 220 ቮልት መውጫ ሲያጣ መውጫ ያደረገው ያቺን ልጅ ነበር።

ልጁ እጁን እየጠረገ፣ «ፓስተር፣ ይቺን ልጅ እግዚአብሔር ነው የጠበቃት» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ ግን ያን ቃል ስሰማ አላረፍሁም። እኛ አማኞች «ጌታ ይጠብቃል» የምንለው ነገር አለን። ያለ ፍሬን መኪና የሚነዳው ይላል፤ ሽቦ ያጋለጠው ይላል፤ እኔም ለራሴ ስለዋለው ስንፍና ብዬዋለሁ። ጌታ ይጠብቃል፤ አሜን። ነገር ግን በዘዳግም 22 ላይ ያየነው ጠባቂ አምላክ ራሱ ነው መከታውን «አንተ ሥራ» ያለው። እርሱ ጠብቋታል ማለት እኔ የታዘዝሁትን አድርጌአለሁ ማለት አይደለም። እንዲያውም እርሱ የጠበቃት ከኔ ነው። ይህን ለመናገር ይከብደኛል፤ ግን ሌላ አነጋገር አላገኘሁለትም።

እንግዲህ እናንተ ምን ታድርጉ? በተለይ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ቤታችሁን ያከራያችሁም የተከራያችሁም፣ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

በመጀመሪያ፣ ውሃው ወይም ቧንቧው ቢነዝራችሁ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ብሬከሩን ዝጉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አይደለም፤ ብሬከሩን። ኤሌክትሪሺያን አይቶት እስኪጨርስ ማንም እንዲታጠብበት አትፍቀዱ። በነጠላ ጫማ የሚድን ነገር አይደለም። ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ ኧርዙ እስከ መሬት መድረሱን በመሣሪያ እንዲለካላችሁ ጠይቁት፤ ሽቦ መታሰሩን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ የኔም ታስሮ ነበር። አቅም ካላችሁ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ ውሃ ሲያመልጥ በራሱ የሚዘጋ ብሬከር አስገጥሙ፤ ሱቅ ውስጥ ኧርዝ ሊኬጅ ይሉታል፤ 30 ሚሊአምፔር የሚለውን ምረጡ። ታንከር የሌለው፣ ሻወሩ አናት ላይ የሚገጠም ማሞቂያ ያላችሁ ስለ ዘንጉ አይመለከታችሁም፤ ይህ ግን ይመለከታችኋል።

ሴፍቲ ቫልቩን በፍጹም አትድፈኑ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትር ውሃ ከቀዝቃዛው ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሊትር ለሚጠጋ ትርፍ ውሃ ቦታ ይፈልጋል። ያ ትርፍ ነው ጠብ ጠብ የሚለው። በሽታ አይደለም፤ ሥራው ነው። መውጫ ከከለከላችሁት ግፊቱ ታንከሩ ላይ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ማሞቁን ባያቆም ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል። ጠብታው ካስቸገራችሁ ቀጭን ጎማ አድርጉለትና ወደ ፍሳሹ ምሩት፤ የጎማው ጫፍ ክፍት ይሁን። ማሞቂያው ጠፍቶም ሌት ተቀን የሚፈስ ከሆነ ግን ቫልቩ አርጅቶ ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ይቀየር ወይም ይታይ።

ዘንጉን በዓመት አንድ ጊዜ አስከፍታችሁ እዩት። ከግማሽ በላይ ከተበላ ወይም መካከሉ ላይ ያለው ሽቦ ከታየ ቀይሩት። ሲቀየር የቀድሞው ዓይነት፣ በርዝመቱም በጥርሱም የሚገጥም ይሁን፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ መርካቶም ሆነ በሰፈራችሁ ያለ ሻጭ አመሳስሎ ይሰጣችኋል። ዋጋው ከአዲስ ቦይለር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አንድ ወንድም ዘንጉ እንዳይበላ ቀለም እንቀባው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አይሆንም፤ ያልተበላ ዘንግ ያልሠራ ዘንግ ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይቶ ሲከፈት እንደ አዲስ የሚያበራ ከሆነ ከታንከሩ ብረት ጋር አልተነካካም ይሆናልና አስመርምሩት። ታንከራቸው ከማይዝግ ብረት የሆነና ይህ ዘንግ የሌላቸው ቦይለሮችም አሉ፤ መመሪያውን እዩ። ጣራ ላይ የሶላር ማሞቂያ ያላችሁ ደግሞ የእናንተም ታንከር ብዙውን ጊዜ ዘንግ አለው፤ ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ከኛ ይልቅ የሚረሳው እሱ ነው።

ሙቅ ውሃው የተበላሸ እንቁላል ቢሸት፣ አንዳንድ ባክቴሪያ ከማግኒዥየሙ ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ሽታ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የአሉሚኒየምና ዚንክ ዘንግ መተካት ነው፤ ዘንጉን ነቅሎ መጣል አይደለም። ቀይ ውሃ ከሙቁ ቧንቧ ብቻ ከመጣ፣ ከቀዝቃዛው ሳይመጣ፣ ዝገቱ ከቦይለሩ ውስጥ ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ አስከፍቱት።

ሥራውን ራሳችሁ አትሥሩት፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ነው። ግን አጠገቡ ቁሙና እዩ። ብሬከሩን ይዝጋ፤ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር ይፈትሽ። ውሃው ይብረድ። የቀዝቃዛው መግቢያ ይዘጋ፤ የሙቁ ቧንቧ ይከፈት፤ ከዚያ ውሃው ይፍሰስ። ሽቦዎቹ ሳይነቀሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ስንት ቴርሞስታት ተሳስቶ ሲገጠም አይተናል። ሬዚስታንሱ ካልተሰነጠቀ አቼቶ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ቅርፊቱ ይለቃል፤ በካቻቢቴ አይፋቅ። ጉሚኒው አዲስ ይሁን። ሁሉ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ውሃ ይሞላ፤ የሙቁ ቧንቧ አየሩን ተፍቶ ጨርሶ ውሃ ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ድረስ ብሬከሩ አይነሣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ይህን አደራ። ቦይለሩ የታደሰው ውሃ በጠፋበት ቀን ከሆነ ውሃው እስኪመጣ ጠብቁ፤ ባዶውን ከበራ አዲሱ ሬዚስታንስ ያኔውኑ ይቃጠላል። ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ ብታደርጉት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ባደረጋችሁት ቁጥር ቅርፊቱ ይበዛል።

ተከራዮች፣ እናንተ ደግሞ አንድ ጊዜ ተናግራችሁ ዝም አትበሉ። ያቺ ልጅ ሦስት ጊዜ ባትናገር ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

የኛ ታንከር ውስጡ በባትሪ ሲታይ በብየዳው መስመር ላይ ዝገት ጀምሮት ነበር። ልጁ፣ «ይጠገናል ብዬ ብዋሽዎ ይቀለኝ ነበር» አለኝ። አዲስ ገዛን፤ በዚህ ጊዜ አዲሱ ሰርቪሱ ላይ ተሰቀለ። ኧርዙ ከግቢው ጀምሮ እንደ አዲስ ተዘረጋ። የኛም ቦይለር በዚያው ቀን ተከፈተ፤ ዘንጉ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ኧረ ጋሼ፣ ችግር የለም» አለችኝ። ችግርማ ነበረ። ችግር የለም ያለችው ተከራይ ስለሆነች፣ እኔም ባለቤት ስለሆንሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ደግሜ ጠየቅኋት። ያኔ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔ እኮ ሌላ ቤት መፈለግ ጀምሬ ነበር» አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር ሄደው ብሬከሩን አነሡ፤ ባለቤቴ መጀመሪያ የራሷን እጅ ከውሃው ሥር አድርጋ ሞከረችው።

ዘንጉ የገባበትን ቀን በሁለቱም ቦይለሮች ጎን ላይ በማርከር ጽፈናል። በመጀመሪያው ዓመት ሲከፈት ሲሶው ተበልቶ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ከግማሽ አልፎ ነበርና ተቀየረ። የሚቀጥለው ጥር ነው። የሚቆጣጠረው እኔ አይደለሁም፤ ቀኑን የያዘችው ባለቤቴ ናት።

ጌታ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።